የመመሪያ ድረ ገጽ ለሁሉም እንዲነበብ፦ ሥራው ያለው ቴሙ ላይ ነው

አንድ የሶፍትዌር መመሪያ 400 ገጽ ቢኖረው፣ ገጾቹን የጻፉት 20 ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሊንኩ ቀለም፣ የፊደሉ መጠን፣ የጎን ሜኑው አከፋፈትና የፍለጋው አሠራር ግን የሚወሰነው አንድ ቦታ ነው፤ ቴሙ ላይ፣ ማለትም ለገጾቹ ሁሉ መልክና አሠራር በሚሰጠው የፋይሎች ስብስብ ላይ። ቴሙ ውስጥ ያለ ጉድለት 400 ጊዜ ይባዛል። ጸሐፊው የቱንም ያህል ጥርት አድርጎ ቢያብራራ፣ ቴሙ ጽሑፉን በደብዛዛ ግራጫ ካወጣው ወይም ፍለጋው የአማርኛ ቃል ካላገኘ ልፋቱ መና ቀረ ማለት ነው። ቴሙ ላይ አንድ መስመር ሲስተካከል ደግሞ አንድም ጽሑፍ ሳይነካ 400ውም ገጽ አብሮ ይሻሻላል። ስለ ተደራሽነት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውም ሌላውም ሰው ገጹን ያለ እንቅፋት መጠቀም ስለመቻሉ፣ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ከቴም የምጀምረው ለዚህ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ፦ የመመሪያ ድረ ገጾች ዛሬ ባብዛኛው የሚሠሩት እንደ ስፊንክስ፣ ኤምኬዶክስ ወይም ዶኩሳውረስ ባሉ መሣሪያዎች ነው። ጸሐፊው ያለ ጌጥ፣ ብዙውን ጊዜ ማርክዳውን በሚባለው አጻጻፍ ይጽፋል፤ መሣሪያው ጽሑፉን ብራውዘር ወደሚያሳየው ኮድ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል፣ ይቀይራል፤ ቴሙ መልክ ይሰጠዋል። መልክ ስል ቀለሙን ብቻ አይደለም። ሜኑው ስልክ ላይ የት እንደሚገባ፣ ርዕሶች በምን ታግ (የኤችቲኤምኤል ምልክት) እንደሚወጡ፣ በተኖች ስም ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ይህ ሁሉ የቴሙ ሥራ ነው። አብዛኞቻችን ቴም አንሠራም፤ የተሠራ እናወርዳለን። የወረደው ቴም ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሞከረው በሰፊ ስክሪን፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍና በማውስ ነው። ለምሳሌ ጅማ ሲደርስ ሦስቱም ይፈርሳሉ።

ጅማ ላይ አንባቢው ማነው? ቂጦ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የቴክኖሎጂ ተማሪ አንዱ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ በመሆኑ፣ ኮድ የማይጽፍ ግን ቀኑን ሙሉ ሶፍትዌር ላይ የሚውል የጤናና የግብርና ባለሙያም ከተማው ውስጥ ሞልቷል። መርካቶ አካባቢ ከሱቁ በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈበት የጥገና መመሪያ የሚያነብ ስልክ ጠጋኝ አለ። የቡና ነጋዴ ሂሳብ የሚይዙ፣ ፊደሉን በእጥፍ ካላሳደጉ የማያነቡ አዛውንት አሉ። የላፕቶፑ ታችፓድ ከሞተ የቆየበት፣ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ አለ። ዓይነ ስውር ሆኖ በስክሪን ሪደር የሚማር ተማሪ አለ። እነዚህን ሁሉ «ልዩ ተጠቃሚዎች» ብለን ወደ ጎን ካደረግን የሚቀረው አንባቢ ጥቂት ነው።

መለኪያው አዲስ አይደለም። የዓለም አቀፉ ድር ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ደብሊውስሪሲ፣ የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያን መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሁለተኛው እትም በ2008 ወጣ፤ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ተከተሉ። ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ መሥሪያ ቤቶችም ሕጎችም ባብዛኛው የሚጠይቁት ደብል ኤን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማውሱን ነቅላችሁ ጀምሩ

ሰው ስለ ተደራሽነት ሲያወራ የሚጀምረው ከቀለም ነው። እኔ ግን ከኪቦርድ መጀመርን እመርጣለሁ፤ መሞከሪያው ነፃ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ማውሱን ንቀሉና ታብ የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። የት እንዳላችሁ ይታያችኋል? ብዙ ቴሞች ላይ አይታይም። ብራውዘሩ በራሱ የሚያደርገውን ክፈፍ የቴሙ ዲዛይነር «ያስቀይማል» ብሎ በሲኤስኤስ፣ የገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ አጥፍቶታል። ክፈፉን የምታጠፋው፣ አውትላይን ነን የምትባለው ያቺ አንድ መስመር፣ እንደኔ አመለካከት፣ ከየትኛውም የቀለም ስህተት የባሰች ናት፤ ቀለም ቢደበዝዝ ዓይን ያጨነቁራል እንጂ ይነበባል፣ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ግን ጨርሶ መንቀሳቀስ አይችልም። ክፈፉ ለማውስ ተጠቃሚ እንዳይታይ ከተፈለገ ፎከስ ቪዚብል የሚባለው የሲኤስኤስ መምረጫ አለ፤ ክፈፉ ኪቦርድ ለያዘ ሰው ብቻ ይወጣል። ውፍረቱ ቢያንስ 2 ፒክስል ይሁን፣ ቀለሙም ከጀርባው ጋር የ3 ለ 1 ልዩነት ይኑረው።

ሁለተኛው ነገር የጎን ሜኑው ነው። የመመሪያ ድረ ገጽ ከዜና ወይም ከሱቅ ድረ ገጽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሜኑው ረጅም ነው፣ 150 ወይም 200 ሊንክ ሊኖረው ይችላል፣ በኤችቲኤምኤሉ ቅደም ተከተል ደግሞ ከጽሑፉ በፊት ይመጣል። በኪቦርድ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን አንቀጽ ለማግኘት 200 ጊዜ ታብ ይጫናል። ሌላ ገጽ ሲከፍት እንደገና 200። መሥሪያ ቤት በገባችሁ ቁጥር ጉዳያችሁን ከመናገራችሁ በፊት የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከሀ እስከ ፐ ይነበብላችሁ እንደ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የገጹ የመጀመሪያ ሊንክ «ወደ ዋናው ጽሑፍ ዝለል» የሚል ይሁን፤ ታብ እስኪነካ ድረስ ቢደበቅም ችግር የለውም። ብዙ ቴሞች ይህ ሊንክ አላቸው። ነገር ግን ሁለት ብልሽት በተደጋጋሚ ያጋጥማል፤ አንዳንዱ ሲጫኑት ስክሪኑን ብቻ ያንቀሳቅስና ፎከሱን፣ ማለትም ኪቦርዱ የሚሠራበትን ቦታ፣ እላይ ይተወዋል፣ ቀጣዩ ታብ ተመልሶ ሜኑው ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ይቀራል፤ ገጹ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ዓይነ ስውሩ አንባቢ መጀመሪያ የሚሰማው እንግሊዝኛ ይሆናል።

ሜኑው ሲታጠፍ ደግሞ የታጠፈው ክፍል ለዓይን ጠፍቶ ለኪቦርድ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ታብ እየተጫናችሁ ክፈፉ ለ15 ጊዜ ያህል ድራሹ ጠፍቶ በሌላ ቦታ ብቅ ካለ፣ ፎከሱ የማይታዩ ሊንኮች ውስጥ እየዞረ ነበር ማለት ነው። የታጠፈው ክፍል በዲስፕሌይ ነን ወይም ሂደን በሚለው መለያ በትክክል መደበቅ አለበት።

ከላይ ተለጥፎ የሚቀረው የራስጌ ባርም የራሱ ጣጣ አለው። በገጹ ማውጫ ላይ አንድ ርዕስ ስትነኩ ገጹ ወደዚያ ይዘልላል፣ ርዕሱ ግን ባሩ ሥር ገብቶ አይታይም፤ አንባቢው የተሳሳተ ቦታ የመጣ ይመስለውና ተመልሶ ይነካል። ስክሮል ፓዲንግ ቶፕ በሚባል አንድ የሲኤስኤስ መስመር የባሩን ቁመት ያህል ክፍተት መስጠት ይበቃል። የ2.2 እትም ከጨመራቸው መስፈርቶች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነው፦ ፎከስ ያረፈበት ነገር በተለጠፈ ባር ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም።

ስለ አቋራጭ ቁልፎችም አንድ ነገር ልበል። የመመሪያ ቴሞች እዝባር ወይም አንድ ፊደል ሲነካ የፍለጋ ሳጥን መክፈት ይወዳሉ። ለፕሮግራመር ደስ ይላል። ድምፁን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ሶፍትዌር ኮምፒውተሩን ለሚያዝ ሰው ግን የተናገረው ቃል በድንገት ፍለጋውን ሊከፍት፣ ገጹን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ የነጠላ ቁልፍ አቋራጭ ማጥፊያ ወይም መቀየሪያ ሊኖረው፣ ካልሆነም የሚሠራው ፎከሱ እዚያው ሲሆን ብቻ መሆን አለበት፤ ይህ ዝቅተኛው የኤ ደረጃ የሚጠይቀው ነው።

ጆሮ የሚያነበው ገጽ

ስክሪን ሪደር ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ለዊንዶውስ ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር ወጣት ጀመረው፣ ጓደኛው ጄምስ ቴህም ተቀላቀለው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ቶክባክ ይባላል። ዓይነ ስውር አንባቢ ገጹን ከላይ እስከ ታች አያስነብብም፤ ኤንቪዲኤ ላይ የኤች ቁልፍን እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘልላል። ስለዚህ ርዕስ በእውነተኛ የርዕስ ታግ መውጣት አለበት። ፊደሉ ወፍራምና ትልቅ ስለሆነ ብቻ ርዕስ አይሆንም፤ ለጆሮ ተራ አንቀጽ ነው።

አሁን ጠጋ ብለን እንስማ። የተለመደ የመመሪያ ቴም ያለው ገጽ ከፍተን ኤንቪዲኤን ብናበራ የምንሰማው ይህን ይመስላል፦ «በተን። በተን። በተን። ሊንክ።» የመጀመሪያው በተን ሦስት መስመር ያለው የሜኑ ምልክት ነው፣ ሁለተኛው የዳርክ ሞድ ጨረቃ፣ ሦስተኛው የፍለጋ አጉሊ መነጽር፣ ሊንኩ ሎጎው ነው። ለዓይን ግልጽ ናቸው፣ ለጆሮ አንዳቸውም ስም የላቸውም። ከዚያ ርዕሶቹ ይመጣሉ፤ ከያንዳንዱ ርዕስ ቀጥሎ ቴሙ የሚያስገባት ሊንክ መቅጃ የአንቀጽ ምልክት አለች፣ ማውስ ካልደረሰባት አትታይም። ስክሪን ሪደሩ ግን አይምራትም፦ «መግቢያ፣ የአንቀጽ ምልክት፣ ሊንክ። ሶፍትዌሩን መጫን፣ የአንቀጽ ምልክት፣ ሊንክ።» 30 ርዕስ ባለው ገጽ 30 ጊዜ። ማስተካከያው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ለበተኖቹም ለምልክቷም ኤሪያ ሌብል በሚባለው የኤችቲኤምኤል መለያ የሚነገር ስም መስጠት፦ «ሜኑ ክፈት»፣ «ፈልግ»፣ «የዚህ ክፍል ሊንክ»። ሜኑው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን የሚናገረው ኤሪያ ኤክስፓንድድ፣ አሁን ያለንበትን ገጽ የሚናገረው ኤሪያ ከረንትም አብረው ይግቡ። ኮድ መቅጃው በተን ሲነካ የሚታየው የ✓ ምልክትም በድምፅ «ተቀድቷል» ካላለ፣ መቀዳቱን ማን ይንገረው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛ አገር የሚበላሸው የቋንቋው መለያ ነው። እያንዳንዱ የኤችቲኤምኤል ገጽ ከላዩ ላይ ላንግ በሚባል መለያ ቋንቋውን ይናገራል፤ ለአማርኛ ኮዱ «ኤኤም» ነው፣ ለአፋን ኦሮሞ «ኦኤም»። የወረደው ቴም «ኢኤን» ብሎ ይመጣል፣ ማንም አይነካውም፣ አማርኛው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነኝ እያለ ይቀመጣል። ስክሪን ሪደሩም የሰጡትን ያምናል፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክርና እንደ ድምፁ ዓይነት ወይ ዘሎት ያልፋል ወይ ቃል የማይሆን ነገር ያወጣል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ያነባል፤ ለጆሮ እንደ ሰው አይጥምም፣ ግን ያነባል። መለያው ትክክል ካልሆነ ግን አይጠራም።

ጅማ ላይ ይህ በእጥፍ ይከብዳል። ብዙ መመሪያ አማርኛውን፣ አፋን ኦሮሞውንና እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ ላይ ያደባልቃል። ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞው አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደል ስለሆነ የተሳሳተው መለያ እዚያ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ እንግሊዝኛው ድምፅ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያነበዋል። ግን በቁቤ ኤክስ «ጥ» ናት፣ ሲ ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ናት፤ እንግሊዝኛው ድምፅ ሌላ ነገር ይላቸዋል፣ አድማጩም የራሱን ቋንቋ አይለየውም። ስለዚህ ለገጹ አንድ መለያ፣ በመሃል ለሚገባው ለሌላው ቋንቋ ክፍል ደግሞ የራሱ መለያ ያስፈልጋል። የቋንቋ መምረጫውንም በባንዲራ የሚሠሩ ቴሞች አሉ፤ እዚህ አገር ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ የትኞቹን ሁለት ባንዲራዎች ሊያስቀምጡ እንደሆነ እንጃ። የቋንቋውን ስም በራሱ ቋንቋ መጻፍ ይበቃል።

ቀለም በስሌት

ኮንትራስት የግምት ነገር አይደለም። የጽሑፉና የጀርባው የድምቀት ልዩነት ስለሆነ በቀመር ይሰላል፤ ከ1 ለ 1 ይጀምራል፣ ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን 21 ለ 1 ይደርሳል። ደብል ኤ ለተራ ጽሑፍ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ይጠይቃል። ድንበሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለማየት፦ በነጭ ላይ #767676 የሚባለው ግራጫ 4.54 ስለሚሰጥ ያልፋል፣ #777777 4.48 ስለሚሰጥ ይወድቃል። ቴሞች ለጎን ሜኑና ለግርጌ የሚወዱት #999999 ደግሞ 2.85 ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ፣ በጥሩ ስክሪን ላይ «ለስላሳ» ይባልለት ይሆናል፤ መርካቶ ፀሐይ ላይ ባዶ ገጽ ነው። ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም፤ ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ ይመረምራል፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ከነዚህ 79.1 በመቶው ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ አግኝቷል።

በመመሪያ ድረ ገጽ ላይ ከሁሉ የባሰ ደብዛዛ የሚሆነው የኮድ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማብራሪያ (ኮሜንት) ነው። የኮድ ማቅለሚያዎቹ ኮሜንቱን በፈዛዛ ግራጫ ይሥሉታል፣ ለፕሮግራመር «ሊዘለል የሚችል» ስለሆነ ይመስለኛል። ጀማሪ ተማሪ ግን ኮዱን የሚረዳው በዚያች ኮሜንት ነው። ቴሙን ስትመርጡ መጀመሪያ እሷን ለኩ።

ሌላው ጉዳይ ነገርን በቀለም ብቻ መናገር ነው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች፣ ከአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ወደ 8 በመቶ ይጠጋሉ። ቀይ ሳጥን «አደጋ»፣ አረንጓዴ ሳጥን «ምክር» ከሆነ፣ ሳጥኑ ላይ «ማስጠንቀቂያ» ወይም «ምክር» የሚል ቃል ይጻፍበት። አንቀጽ ውስጥ ያለ ሊንክም ከሥሩ መስመር ይኑረው፤ ዲዛይነሮች መስመሩን ማጥፋት ይወዳሉ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ዳርክ ሞድ ካለ ደግሞ ልኬቱን ሁሉ እንደገና መሥራት ነው፤ አንዱ ሞድ አለፈ ማለት ሌላው አለፈ ማለት አይደለም።

የኛ ፊደል ሲገባበት

ከዚህ በላይ ያለው የትም አገር ይሠራል። ቀጥሎ ያለውን ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የተደራሽነት ዝርዝር ውስጥ ስትፈልጉ ብትውሉ የምታገኙት አይመስለኝም።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ንዑስ ርዕስን በትልልቅ ፊደል በመጻፍ ብቻ ከአንቀጹ የሚለይ ቴም፣ አማርኛ ሲገባበት ርዕሱና አንቀጹ አንድ ይሆኑበታል። ዘመም ያለ ጽሑፍም የፊደላችን ባህል አይደለም፤ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ሲያጋድመው ለማንበብ ያስቸግራል። ወፍራም ቅርጽ የሌለው ፎንት ከተመረጠ ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ ያወፍረዋል፣ እንደ ጨ እና ጪ ባሉት ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይደፈናል። ስለዚህ ርዕስን በመጠንና በክፍተት ለዩት፤ ለአጽንዖት እውነተኛ ወፍራም ቅርጽ ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ተጠቀሙ። አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፎንት ይዘው ስለሚመጡ፣ ለስልክ አንባቢ ከኢንተርኔት ሌላ ፎንት ማስወረድ ብዙ ጊዜ ዳታ ማባከን ነው፤ የግዕዝ ፎንት ከ300 በላይ ቅርጾች ስለሚይዝ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። የመስመር ክፍተቱን ግን ከፍ አድርጉት። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ሙሉ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው 1.4 ያጨናንቃቸዋል፤ በበኩሌ ከ1.6 በታች አልወርድም። ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ እኩል ማድረግንም ተዉት፤ መጽሐፍ ላይ ያምራል፣ ጠባብ ስልክ ላይ ግን «እንዲመዘገብላቸው» የሚል አንድ ረጅም ቃል ወደ ታች ሲወርድ ከላዩ ገደል የሚያክል ክፍተት ይተዋል።

ቀጥሎ የርዕስ አድራሻ አለ። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው «የይለፍ ቃል እንዴት ነው የሚቀየረው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የምትልኩለት ወደ ክፍሉ በቀጥታ የሚወስድ ሊንክ ነው። ኤምኬዶክስ በዲፎልቱ ይህን አድራሻ የሚሠራው ከርዕሱ ውስጥ የላቲን ፊደላትን ብቻ መርጦ ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሲሆን የሚተርፍ ፊደል የለምና አድራሻዎቹ _1፣ _2፣ _3 ይሆናሉ፤ ተራ ቁጥር ብቻ። ነገ ከላይ አንድ ርዕስ ስትጨምሩ ቁጥሮቹ ይገፋሉ፣ ትናንት የተላከው ሊንክ ሌላ ክፍል ይከፍታል። ማስተካከያው ዩኒኮድን፣ ማለትም የግዕዝንም ሆነ የሌሎችን ፊደላት፣ የሚቀበለውን አድራሻ ሠሪ መምረጥ ነው። ይህም ትንሽ ዋጋ አለው፤ ሊንኩ ሲቀዳ አንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ሊሆን ይችላል፣ አጭር ርዕስም ግማሽ ስክሪን ይሞላል። ለዋና ዋና ክፍሎች አጭር የላቲን መለያ በእጅ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

ፍለጋው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሉነር የተባለውና ብዙ የመመሪያ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የፍለጋ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ)፣ በዲፎልት አሠራሩ ከቃሉ ጫፍ ላይ «ፊደል ያልሆነውን» ሁሉ ይከረክማል። ፊደል ያልሆነውን የሚለየው በአንድ አጭር የጃቫስክሪፕት ምልክት ነው፤ ለዚያ ምልክት ፊደል የሚባሉት 26ቱ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና የሥር ሰረዝ ብቻ ናቸው። የአማርኛ ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከረከማል፣ የሚቀረው ባዶ ነው። መመሪያው ውስጥ መቶ ጊዜ የተጻፈን ቃል ትፈልጋላችሁ፣ «ምንም አልተገኘም» ይላችኋል፤ አንባቢው ደግሞ ጥፋቱን የሚወስደው በራሱ ላይ ነው።

መከርከሙ ቢስተካከልም ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው፦ ሐኪም፣ ሀኪም፣ ሃኪም፤ ፀሐይ፣ ጸሀይ። ጸሐፊው በአንዱ ጽፎ አንባቢው በሌላው ይፈልጋል። የፍለጋው ማውጫ ሲሠራም አንባቢው ሲጽፍም ሐ፣ ኀ እና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አጭር ሠንጠረዥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የሚታየው ጽሑፍ አይነካም። ሁለተኛው ቃሉ ከፊቱ የሚጨምረው ነው። «ምዝገባ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ለምዝገባ»፣ «በምዝገባ»፣ «ስለምዝገባው» ያለበትን ገጽ ማግኘት አለበት። ብዙ የፍለጋ መሣሪያዎች «በዚህ የሚጀምር» ብለው ይፈልጋሉ፤ ይህ ለአፋን ኦሮሞ ባብዛኛው ይሠራል፣ ቅጥያው ከኋላ ስለሚመጣ። ለአማርኛ ግን «በውስጡ ያለበት» ተብሎ መፈለግ አለበት። ዘገም ይላል፤ ጥቂት መቶ ገጽ ላለው መመሪያ ግን ልዩነቱ አይሰማም።

ስልክ፣ ወረቀት እና የውሸት መፍትሔ

ስልክ ላይ መስፈርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገጹ 320 ፒክስል ስፋት ላይ ወደ ጎን ሳይንሸራተት ይነበብ፣ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን። እኔ 44ን እመርጣለሁ፤ አውራ ጣት ወፍራም ነው። ሠንጠረዥና የኮድ ሳጥን ወደ ጎን ሊንሸራተቱ ይችላሉ፣ ግን ራሳቸው ብቻ እንጂ ገጹን ሁሉ ይዘው አይደለም። የሚንሸራተተው ሳጥን በኪቦርድም ፎከስ መቀበል አለበት።

የኅትመት ስታይልን ማንም አያስታውሰውም። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ መብራትም ይጠፋል፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ማየት የተለመደ ነው። ቴሙ ሲታተም ሜኑውን፣ ፍለጋውንና በተኖቹን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ካላወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወረቀቶች የሊንክ ዝርዝር ይሆናሉ። በሲኤስኤስ አሥር መስመር የማይሞላ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድረ ገጹ ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት የሚያስቀምጡና በአንድ መስመር ኮድ ተደራሽነቱን ሙሉ እናደርጋለን የሚሉ ምርቶች አሉ። አትግዟቸው። ሲነኩ ፊደል ያሳድጋሉ፣ ቀለም ይቀይራሉ፤ ይህን ስልኩም ብራውዘሩም በራሱ ያደርጋል። ስም የሌለው በተን ግን ስም አልባ እንደሆነ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከስክሪን ሪደሩ ጋር ይጋጫሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ከነዚህ ሻጮች አንዱን በተጋነነ ማስታወቂያ ከስሶ፣ ሻጩ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሥራውን ስትጀምሩ የወረደውን ቴም ፋይል ውስጥ ገብታችሁ አትነካኩ፤ አዲስ እትም ሲመጣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል። ኤምኬዶክስም ስፊንክስም ተጨማሪ ሲኤስኤስ ከውጭ መቀበያና የቴሙን ቁራጭ በራስ ቁራጭ መተኪያ መንገድ አላቸው። ለሁሉም የሚጠቅመውን ማስተካከያ ግን ለቴሙ ባለቤቶች ላኩላቸው፤ ስለ ርዕስ አድራሻውና ስለ ፍለጋው ካልነገርናቸው ራሳቸው የሚያገኙበት መንገድ የለም።

እንደ አክስ ወይም ላይትሃውስ ያሉ አውቶማቲክ መመርመሪያዎች ኮንትራስትንና የጎደለ ስምን ጥሩ አድርገው ይይዛሉ፣ በነሱ መጀመር ተገቢ ነው። ስሙ መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አያውቁም፤ ዳርክ ሞድ መቀየሪያው ላይ «ፈልግ» ተብሎ ቢጻፍ ያልፍላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ያስፈልጋል። አንድ በስክሪን ሪደር የሚሠራ ተማሪ፣ አንድ ፊደል የሚያሳድጉ ሰው፣ አንድ በስልኩ ብቻ የሚያነብ ባለሙያ ፈልጉና «ገጹን ወደዳችሁት?» ሳይሆን «የረሳችሁትን የይለፍ ቃል መቀየሪያውን አግኙልኝ» በሏቸው። ሲፈልጉ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የቆሙበትን ቦታ ጻፉ፣ አትርዷቸው። ለጊዜያቸውም ክፈሏቸው።